የበረዶ ናዳ በአልፕስ ተራሮች፤ ባላገር ያወቀውና ሊቃውንት የቈፈሩት

የአዱሊስን የድንጋይ ጽሑፍ ያነበበ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ስለ ሰሜን ተራሮች የተነገረውን ቃል ያስታውሳል። ጽሑፉን በግሪክ ቋንቋ ያስቀረጸው ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ገልብጦ ያቈየልን ደግሞ በዐፄ ካሌብ ዘመን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አዱሊስን የጐበኘው ነጋዴ ኮስማስ ነው። ንጉሡ የዘመተባቸውን አገሮች ሲቈጥር ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰሜንን ያነሣል። ጽሑፉ ወንዙን ዓባይ ይለዋል፤ ሊቃውንት ግን ተከዜ ነው ብለው ይተረጕሙታል። በዚያ ያለው ተራራ ለመውጣት የሚያስቸግር፥ ውርጭና በረዶ የማይለየው፥ ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት መሆኑን ንጉሡ ይናገራል።

በዚህ ቃል ላይ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆመው በራስ ዳሸን ላይ በረዶ መጣሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በዛሬው ጊዜ የጣለው ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል እንጂ ለወራት ተከምሮ አይቆይም። ንጉሡ አጋንኗል ወይስ የዚያን ዘመን አየር ከዛሬው ይቀዘቅዝ ነበር የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም እስከ ጕልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ የገባ ጦር ከብርድና ከረኃብ ሌላ ምን ያገኘዋል? የሚል ነው። የዚህ መልስ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የሚገኝ ስላልሆነ ወደ አልፕስ ተራሮች መሻገር ግድ ሆነብኝ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። አማርኛችን እንደ ጠጠር የሚወርደውንም እንደ ባዘቶ የሚወርደውንም በአንድነት በረዶ ይለዋል። ግዕዝ ግን በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ እያለ ይለያቸዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙረ ዳዊት ስናጠና ሐመዳ የንጽሕና ምሳሌ ነው ተብሎ ይነገረን ነበር፤ ሰው የሚቀብር መሆኑን የነገረን አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በረዶ የምለው እንደ ባዘቶ የሚወርደውን ነው፤ ሌሊት በሣርና በድንጋይ ላይ የሚያብበውን አመዳይ፥ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ግግር በረዶ እለዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአልፕስ በረዶ ውስጥ ስለ ገባ ጦር ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የካርታጎው ሐኒባል ነው። ሐኒባል በ218 ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነዝሆኖቹ ተራራውን አቋርጦ ወደ ኢጣሊያ ወረደ። ስለዚህ ጕዞ የጻፈው ፖሊቢዮስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር መዝግቧል። በቍልቍለቱ ላይ ካለፈው ክረምት የተረፈ አሮጌ በረዶ ነበር፤ በላዩም አዲስ በረዶ ጥሎበት ነበር። ሰዎቹ ሲረግጡ አዲሱ ለስላሳ ስለ ሆነ እግራቸው ይገባል፤ ከታች ያለውን ጠንካራ ሲያገኝ ግን አይቆምም፥ ይንሸራተታል። ፖሊቢዮስ ስለ ናዳ አልተናገረም። ነገር ግን በረዶ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዘ ድርብርብ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ በአውግስጦስና በጢባርዮስ ቄሣር ዘመን የኖረው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። በአልፕስ ላይ ከከፍታ እየወረደ የመንገደኛ ጓዝ በሙሉ ወደ ገደል የሚጠርግ ታላቅ የበረዶ ገበታ እንዳለ ይነግረናል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ በረዶው አንዱ ባንዱ ላይ እየረጋ ስለሚደራረብ ላይኛው ከታችኛው በቀላሉ ይላቀቃል ይላል።

ይህን የስትራቦንን ቃል ከዛሬ የሳይንስ መጻሕፍት ጋር ሳስተያየው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከጠበቅሁት ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ለዚህ ነገር ቍልፉ ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት ተጽፎ ይገኝ ነበር ማለት ነው። ዳሩ ግን ቀጥሎ የመጡት መቶ ዓመታት ስትራቦንን አንብበው በረዶውን ቈፍረው ያዩበት ጊዜ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን የተጻፉት ጽሑፎች የሚያወሩት ስለ ፍርሃት ነው። የሴንት ትሮንድ ገዳም አበምኔት ሩዶልፍ ከ1128 ወደ 1129 በሚያሻግረው ክረምት ከሮማ ሲመለስ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ የተራራ በር አጠገብ ባለው መንደር ናዳ ከብቦት ተይዞ ነበር። መንገድ ለመክፈት በክፍያ ወደ ፊት የሄዱት የመንደሩ መሪዎች በመንገደኞቹ ዓይን ፊት በበረዶ ተዋጡ። በዚያ በር አናት ላይ በ11ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው የመነኰሳት ማረፊያ ዛሬም አለ፤ ስመ ጥር የሆኑት ውሾችም ከዚያ የወጡ ናቸው። ስለ ውሾቹ ግን ከሚገባው በላይ ተጽፏልና እዚህ ላይ አልደግመውም።

ሊቃውንት ዝም ባሉበት ዘመን ባላገሩ ሥራውን ይሠራ ነበር። በኡሪ አገር የአንደርማት ሰዎች በ1397 ከመንደራቸው በላይ ባለው ዳገት የቆመውን ደን ማንም እንዳይቈርጠው በጽሑፍ ከለከሉ። ክልከላው ቅርንጫፍ እስከ መልቀም ድረስ የጠበቀ ነበር። እንዲህ ያለው ጥብቅ ደን በጀርመንኛ ልዩ ስም አለው፤ ሺለር በ1804 በወጣው በቪልሄልም ቴል ተውኔቱ ውስጥ ስለ አልትዶርፍ ከተማ ደን ያነሣው ከዚህ ልማድ ወስዶ ነው። የደኑ ጥቅም ለማንም ግልጽ ነው። ግንዶቹ በረዶውን እንደ ችካል ይይዙታል፤ ከቅርንጫፎቹ የሚረግፈውም ንጣፉን እየበጣጠሰ አንድ ወጥ ሆኖ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ደን በሌለበት ደግሞ ግንበኛው ገባበት። በዳቮስ አጠገብ በፍራውንኪርክ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን በ1602 በወረደው ናዳ ከተጐዳ በኋላ ወደ ተራራው የሚያየው ጀርባው እንደ መርከብ አፍንጫ ሹል ሆኖ ተሠራ። ናዳው ሲመጣ በሹሉ ግንብ ተከፍሎ በግራና በቀኝ እንዲያልፍ የታሰበ ነው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ለመብራት ምሰሶና ለብቸኛ ቤት ያገለግላል።

በዚህ የባላገር እውቀት ላይ የማየው አንድ ወሰን ግን አለ። እውቀቱ የቦታ እውቀት ነው። አያት ለልጅ ልጁ በዚህ ሸለቆ ይወርዳል፥ በዚያኛው አይወርድም ብሎ ያስተምራል፤ ቤትም የሚሠራው በዚሁ ምስክርነት ነው። ስለዚህ መቶ ዓመት ተኝቶ የሚነሣ ናዳ ሲመጣ ምስክር የለውም። ሁለተኛም፥ እውቀቱ ከመንደሩ አይወጣም፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው፥ ይልቁንም በትእዛዝ የመጣ ወታደር፥ ከዚህ አንዱንም አይወርስም።

የቦታውን እውቀት ሰብስቦ ወደ መዝገብ ለመለወጥ በብርቱ የደከመው ዮሐን ኮአዝ ነው። ኮአዝ በ1822 ተወልዶ በ1918 የሞተ የግራውቢንደን ደን ሹም ሲሆን በ1850 ፒዝ በርኒና የተባለውን ተራራ መጀመሪያ ከወጡት አንዱ ነበር። የስዊስ መንግሥት በ1875 የመጀመሪያው የመላ አገሪቱ ደን ተቈጣጣሪ አድርጎ ሾመው፤ በሚከተለው ዓመት የወጣው የደን ሕግም የተራራውን ደን ከጥፋት ለመጠበቅ የታሰበ ነበር። በ1881 ስለ ስዊስ አልፕስ ናዳዎች መጽሐፍ አሳተመ። በየሸለቆው ናዳ የሚወርድበትን መንገድ በካርታ ላይ እንዲሣል አደረገ፤ ናዳው ከታች ሲደርስ ከማገድ ይልቅ ከሚነሣበት ከላይ በድንጋይ ካብ እንዲያዝም መከረ። ሥራው እንደ ጥሩ አስተዳዳሪ ሥራ ነው፤ የት፥ መቼ፥ ስንት ጊዜ የሚለውን ይመልሳል። ለምን ዛሬ ወረደ ትናንት ለምን አልወረደም የሚለው ግን በካርታ አይመለስም።

ይህ ጥያቄ በደም የተጠየቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኢጣሊያ በ1915 በኦስትሪያ ሀንጋሪ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ግንባሩ በዶሎሚት ተራሮች ጫፍ ላይ ተዘረጋ። በፊት በክረምት ማንም በማይኖርበት ከፍታ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ወታደር ሠፈረ። በማርሞላዳ ተራራ ግራን ፖዝ በተባለ ቦታ ኦስትሪያውያን በ1916 በጋ የእንጨት ሠፈር ሠሩ። ቦታው የተመረጠው ከኢጣሊያ መድፍ በገደሉ ስለሚሰወር ነው፤ ከጥይት አንጻር ሲታይ ምርጫው የሚነቀፍ አልነበረም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን በረዶ ያለማቋረጥ ይጥል ጀመር። የሠፈሩ አዛዥ ሻምበል ሩዶልፍ ሽሚድ አደጋውን አይቶ ወታደሮቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ለበላዮቹ ጻፈ። የክፍሉ የበላይ አዛዥ ጄኔራል ጎይጊንገር አልፈቀደም። በታኅሣሥ 13 ቀን 1916 ማለዳ አየሩ ሞቅ ብሎ በረዶው በከበደ ጊዜ ከተራራው ጫፍ የተነሣው ናዳ ሠፈሩን ከነተኙት ሰዎች ቀበረው። የሞቱት ወደ 270 ይሆናሉ።

በእነዚያ ቀናት በሌሎች የግንባሩ ቦታዎች በሁለቱም ወገን ብዙ ሌሎች አለቁ። በዚህ ላይ ሁለት የታሪክ ጥንቃቄዎችን ላስገባ። መጀመሪያ፥ ቀኑ ነጭ ዓርብ ተብሎ በብዙ መጻሕፍት ይጠራል፤ ነገር ግን ታኅሣሥ 13 ቀን 1916 ረቡዕ ነበር። ሁለተኛ፥ በአንድ ቀን 10,000 ሰው አለቀ የሚለው ቍጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ይገኛል፤ ሰነዱን የመረመሩ ጸሐፊዎች ግን ለታኅሣሥ ወር የሚሰጡት ግምት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለቱ ጦሮች ሆን ብለው በጠላት ሠፈር በላይ ያለውን በረዶ በመድፍ ይመቱ ነበር ተብሎም ይነገራል። እኔ እንደሚመስለኝ ቍጥሩን ማጋነን ለነገሩ የሚጨምርለት የለም። 270 ሰው በአንድ ማለዳ፥ ያውም ይመጣል ተብሎ በጽሑፍ በተነገረ ናዳ ማለቁ በራሱ የሚበቃ ነው።

በዚሁ ጦርነት የስኪ ትምህርት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ማቲያስ ዝዳርስኪ ለኦስትሪያ ጦር የናዳ አዋቂ ሆኖ ያገለግል ነበር። በ1916 የካቲት ራሱ በናዳ ተይዞ ወደ 80 በሚሆን ቦታ አጥንቱ ተሰበረ፤ ከሞት ተርፎም በ1929 ስለ ናዳ መጽሐፍ አሳተመ። ከጦርነቱ በኋላ ተራራውን የወረሰው ወታደሩ ሳይሆን በስኪ የሚንሸራተተው ሽርሽረኛ ነው። እርሱም እንደ ወታደሩ የአያት ምክር የሌለው፥ በክረምት ሰው ባልሄደበት ዳገት የሚሄድ እንግዳ ነበር።

ወደ ታች መቈፈር የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፓውልኬ የምድር ድርብርብ የሚያጠና የጂኦሎጂ ሊቅና ራሱም ስኪ ተጓዥ ነበርና በረዶውን እንደ አለት አየው። በስዊስም በ1931 የበረዶና የናዳ ምርመራ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። የተራራው ባቡር በ1932 ከዳቮስ በላይ እስከ ቫይስፍሉዮክ ስለ ደረሰ ተመራማሪዎቹ በየቀኑ ወደ ከፍታው መውጣት ቻሉ፤ በ1936 ከ2,600 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ቦታ የእንጨት ጎጆ ሠርተው ሥራ ጀመሩ። ከመካከላቸው ሮበርት ሄፈሊ ስለ መሬት ክብደት መሸከም የሚያጠና መሐንዲስ፥ ሄንሪ ባደር ደግሞ የማዕድን ሊቅ ነበሩ። እነዚህና ባልደረቦቻቸው በ1939 ስለ በረዶና ስለ መለዋወጡ ያሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ትምህርት መሠረት ሆነ። ልብ በሉ፤ ከመካከላቸው በበረዶ ሊቅነት የተማረ አንድም የለም፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ገና አልነበረምና እያንዳንዱ የራሱን መሣሪያ ይዞ መጣ።

ያገኙት ነገር በቀላል ቋንቋ ይህን ይመስላል። በረዶ በክረምቱ ውስጥ በየጊዜው እየጣለ ይደራረባል። አንዱን ነፋስ ጠቅጥቆት ይጠነክራል፥ አንዱን ፀሐይ አቅልጣው ሌሊት ይረጋል፥ አንዱ እንደ ወረደ ይቀራል። ከበታች ያለው መሬት ክረምቱን ሁሉ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ የላዩ ፊት ግን በጠራ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንግዲህ በሞቃቱ ታችና በቀዝቃዛው ላይ መካከል እንፋሎት ሽቅብ ይሄዳል፤ ከአንዱ ቅንጣት ተነሥቶ በሌላው ላይ ይረጋል። በዚህ ምክንያት በታች ያሉት ቅንጣቶች መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ያድጋሉ፥ እንደ ሲኒ ጐድጓዳ ይሆናሉ፥ እርስ በርስም አይያያዙም። በእጅ ሲዘገኑ እንደ ስኳር ይፈስሳሉ። ይህ የታች አመዳይ ይባላል። በላዩ የተኛው በረዶ በደረቅ ሽምብራ ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእንግዳ ሰው አእምሮ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሁሉ ብዙ በረዶ ሲያይ ይፈራል፥ ጥቂት ሲያይ ይደፍራል። ነገር ግን በክረምቱ መጀመሪያ የጣለው በረዶ ስስ ከሆነና ብርዱ ከበረታ፥ በስስ ንጣፍ ውስጥ የሙቀቱ ልዩነት በጥቂት ርቀት ስለሚጨመቅ፥ የታች አመዳይ ፈጥኖ ይበቅላል። የጥር ናዳ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በኅዳር ነው። እንደዚሁም በጠራ ሌሊት በበረዶው ፊት ላይ የሚያብበው አመዳይ፥ ጧት በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ለዓይን የሚያምረው፥ ሳይረግፍ ሌላ በረዶ ቢጥልበት ለሳምንታት የሚቆይ ደካማ ንጣፍ ይሆናል።

በዚህ ደካማ ንጣፍ ላይ ነፋስ የጠቀጠቀው የተያያዘ ገበታ ሲቀመጥ አደጋው ተሟላ። ዳገቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ የአንድ ስኪ ተጓዥ ክብደት ደካማውን ሊሰብረው ይችላል። ስብራቱ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ በገበታው ሥር ይሮጣል፤ ገበታውም ከላይ በኩል በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቆ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሰውየው በጫፉ ሳይሆን በመካከሉ ይገኛል። ከመሰንጠቁ በፊት አንዳንድ ጊዜ የታፈነ ድምፅ ይሰማል፥ እግርም ጥቂት ዝቅ ይላል። ባደርና ሄፈሊ ነገሩን የመንሸራተት ጕዳይ አድርገው አስልተውት ነበር። በ2008 የወጣ ጥናት ግን ደካማው ንጣፍ ሲደረመስ ራሱ ስብራቱን እንደሚያስሮጥ አሳየ፤ በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከበላዩ ያለውን ዳገት ሊያስነሣ የሚችለው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የምርመራው መሣሪያ አካፋ ነው። እስከ መሬት ይቈፈራል፥ የጕድጓዱ ግድግዳ ይስተካከላል፥ ከዚያም ንጣፍ በንጣፍ ይነበባል። ቴርሞሜትር በየ10 ሳንቲሜትሩ ይሰካል። ጥንካሬው በእጅ ይፈተናል፤ ጡጫ የሚገባበት እጅግ ለስላሳ፥ ቀጥሎ አራት ጣት፥ አንድ ጣት፥ እርሳስ፥ በመጨረሻም ቢላዋ ብቻ የሚገባበት ነው። ሄፈሊ ደግሞ ሹል ጫፍ ያለውን ዘንግ በሚወድቅ ክብደት እየመቱ ወደ ታች በመስደድ ጥንካሬውን በቍጥር የሚለካ መሣሪያ አበጀ። በላዩ የተጻፈበትን ብራና እየፋቀ የቀድሞውን ጽሕፈት የሚፈልግ የታሪክ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ልዩነቱ የበረዶው ብራና በየዓመቱ መቅለጡ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ እንደ ገና መነበብ አለበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስዊስ ጦር ድንበሩን ለመጠበቅ በተራራ ላይ ሠፍሮ ስለ ነበረ የናዳ አገልግሎት አቋቋመ። የማርሞላዳው ትዝታ ገና አልጠፋም ነበርና የሽሚድን ጥያቄ አዛዡ ራሱ የሚጠይቅበት ሥርዓት ሆነ ማለት ይቻላል። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1945 የቫይስፍሉዮክ ተቋም አገልግሎቱን ተቀብሎ ለሕዝብ የናዳ ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ።

ማስታወቂያ ማውጣትና ሰው ማዳን ግን አንድ አይደሉም። ይህ በ1951 ታየ። ከጥር 19 ቀን ጀምሮ ለጥቂት ቀናት ከሰሜን ምዕራብ የመጣው ዐውሎ በግራውቢንደን፥ በኡሪና በቫሊስ ላይ ያለማቋረጥ በረዶ አወረደ። በጥር 20 ቀን በፋልስ መንደር 19፥ በአንደርማት 13 ሰዎች ሞቱ። በ1397 የተከለከለው ደን የቆመበትን ጠበቀ፤ የሸፈነው ግን ከሸለቆው ዳገቶች ጥቂቱን ብቻ ነበር። በየካቲት ደግሞ ዐውሎው ከደቡብ መጥቶ በአይሮሎ 10 ሰዎች ገደለ። በዚያ ክረምት በስዊስ ብቻ 98 ሰዎች አለቁ፥ ወደ 1,500 የሚሆኑ ቤቶችና ጋጣዎች ፈረሱ ወይም ተጐዱ፤ በኦስትሪያም የሞቱት ከ130 በላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ሽርሽረኞች ሳይሆኑ በቤታቸው የነበሩ ባላገሮች ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በጥር 11 ቀን 1954 በኦስትሪያ ፎራርልቤርግ በብሎንስ መንደር ላይ ጧት ናዳ ወረደ፤ የተቀበሩትን ሲያወጡ የዋሉትን በምሽት ሁለተኛ ናዳ ደረሰባቸው። በብሎንስ ብቻ 57 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የስዊስ መንግሥት ገንዘብ አፈሰሰ። በዳገቱ አናት የብረት አጥር በመስመር በመስመር ተተከለ፤ በበርን ክፍለ ሀገር ጋድመን የተባለ መንደር በ1954 የናዳ ክልል ካርታ አወጣ። በቀይ የተቀባው ቤት የማይሠራበት፥ በሰማያዊ የተቀባው በጥንካሬ የሚሠራበት ሆኖ ይህ አሠራር ወደ መላው አገር ተዛመተ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ላሻፔል በዚያው የ1950ና የ1951 ክረምት በቫይስፍሉዮክ ተምሮ ወደ ዩታ ተራሮች ተመለሰ፤ በዚያም ሞንትጎመሪ አትዋተር በአልታ በመድፍ ናዳን በሰዓቱ የማውረድ ሥራ ጀምሮ ነበር።

ሰው በማይኖርበት ተራራ የሚሄደው የስኪ ተጓዥ ግን አጥርም ካርታም አይከላከልለትም። በስዊስ ዛሬ በሜዳው ተራራ በናዳ ከሚያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው ናቸው። ለእነርሱ በ1993 የአውሮፓ አገሮች በአንድ የአምስት ደረጃ መለኪያ ተስማሙ። መለኪያው አንድ የሚያሳስት ባሕርይ አለው። 3ኛው ደረጃ መካከለኛ ስለሚመስል ሰው ይደፍረዋል፤ አደጋው ግን ከደረጃ ወደ ደረጃ እኩል እየጨመረ ሳይሆን እየታጠፈ ስለሚሄድ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ደረጃ ነው። በ1994 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከወጣ ከመቶ 92 ያህሉ ይድናሉ፤ በ35 ደቂቃ የሚድኑት ወደ 30 ይወርዳሉ። ስለዚህ የሚያድነው ከመንደር የሚመጣ እርዳታ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ባልንጀራ፥ አካፋውና ሁለቱም በደረታቸው የሚይዙት አነስተኛ የራዲዮ መሣሪያ ነው።

በ1999 የካቲት የ1951ን የሚመስል ዐውሎ ተመልሶ መጣ። በኦስትሪያ በጋልቲር 31 ሰዎች ሞቱ፤ ናዳው የደረሰው በካርታው ላይ አደጋ የለበትም በተባለው ክልል ጭምር ነበር። በስዊስ በዚያ ክረምት በቤትና በመንገድ የሞቱት 17 ናቸው፥ ከእነርሱም 12ቱ በኤቮሌን። ያ በ1951 ከነበረው 98 ጋር ሲነጻጸር አጥሩም ካርታውም ማስታወቂያውም የሠሩትን ያሳያል። የኤቮሌን ነገር ግን በዚያ አላበቃም፤ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የመንደሩ ሹምና የጸጥታው ኃላፊ መንገዱንና ቤቶቹን በጊዜው ስላላስለቀቁ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደባቸው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2006 ፍርዱን አጸና። ዳኞቹ የመረመሩት በማርሞላዳ ማንም ያልመረመረውን ነው፤ በዚያ ቀን ስለ በረዶው ምን ይታወቅ እንደ ነበረ፥ ለማን እንደ ተነገረ፥ የተነገረውም ሰው ምን እንዳደረገ።